ጋሽ አለልኝ እና ዝም ያለው ቅርንጫፍ

የጋሽ አለልኝን ማረፍ የሰማሁት እስራኤል ውስጥ፣ መዝከረት ባትያ ከተማ፣ መሰላል ላይ ቆሜ የኬብል ጫፍ በጥርሴ ነክሼ ሳለ ነው። የደወለችልኝ አክስቴ ናት። «ጋሽ አለልኝ አረፉ፣ ልጄ። ቀስ ብለሽ ውረጅ» አለችኝ። መሰላል ላይ መሆኔን በምን እንዳወቀች እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ምናልባት ሁልጊዜ መሰላል ላይ ነው የምታስበኝ። ወርጄ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና እንደ ልጅ አለቀስኩ። የቢሮው ሰዎች ውሃ አመጡልኝ፤ አንዱ ትከሻዬን እየደባበሰ መስመሩ መቼ እንደሚመለስ ጠየቀኝ።

በማግስቱ ረሆቮት ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ይኖሩበት የነበረው ሕንፃ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ሰው ሞልቷል። ስለ ጋሽ አለልኝ ደግነት፣ ስለ ጨዋታቸው፣ የታመመ ሲጠይቁ ባዶ እጃቸውን እንደማይሄዱ ብዙ ተባለ። ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ አንድ ሽማግሌ «ሥራቸውስ ምን ነበር?» ብለው ሲጠይቁ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰውዬ «ኮምፒዩተር ይጠግኑ ነበር» አለ። ይጠግኑ ነበር! ደሜ ፈላ። የከተማ መንገድ ያቀደን መሐንዲስ ጎማ ይለውጥ ነበር እንደማለት ነው። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ፤ ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ይህን የምጽፈው ግማሹን በናፍቆት፣ ግማሹን በንዴት ነው።

እኔና እሳቸው የሠራንበት ድርጅት አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄደው የሚንከባከቡ ሠራተኞችን የሚያሰማራ ነው። ዋናው ቢሮ ረሆቮት ነው። ቅርንጫፎች ቂርያት ዔቅሮን፣ መዝከረት ባትያ፣ እንዲሁም ቂርያት ቫይዝማን በተባለው የሳይንስ መንደር ውስጥ አሉት፤ ኋላም አንድ የሐይፋ ድርጅት ከእኛ ጋር ሲቀላቀል የሐይፋው ቢሮ ተጨመረ። በእነዚህ ቢሮዎች ሁሉ አንድ ሠራተኛ ጠዋት ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ስሙንና ፓስወርዱን ሲጽፍ፣ ይህ ሰው ማን ነው፣ ምን ምን ተፈቅዶለታል የሚለውን የሚመልስ አንድ ትልቅ ማውጫ አለ። የማውጫው ቅጂ በተለያዩ ከተሞች ባሉ ሰርቨሮች ላይ ይቀመጣል። የትኛው ቢሮ የራሱ ሰርቨር ይኑረው፣ የትኛው ከየትኛው ጋር ይመደብ፣ አንድ ነገር ሲለወጥ ወሬው በየት በኩል ይድረስ፣ ይህን ሁሉ የሚያቅዱት ጋሽ አለልኝ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሥራ መልካም ሲሆን ማንም አያየውም። ለዚህ ነው ለቅሶ ቤት የሚያወራለት ያጣው።

አጭር ሰው ነበሩ። ሰርቨር ክፍሉ ስለሚበርድ በሐምሌ ሙቀት ሹራብ ይዘው ይመጣሉ፤ ሲያስቡ የአንድ እጃቸውን እጅጌ ብቻ ይጠቀልላሉ። የጎንደር ልጅ ናቸው። አዲስ አበባ ተምረው ነበር፤ እዚህ መጥተው ደግሞ በዕብራይስጥ ከሀ ጀምረው ተማሩና የኔትወርክ መሐንዲስ ሆኑ። ሰርቨሮችን «እርስዎ» ነበር የሚሉ። ማታ ደኅና ያደረ ሰርቨር ጠዋት ካስቸገረ መነጽራቸውን አውልቀው «ምነው፣ ዛሬ ምን ሆነው ነው?» ይሉታል። የሠራተኞቹን ኮምፒዩተሮች ግን «አንች» ነው የሚሉ። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው «እኒህ ትልቅ ናቸው፤ የስንቱን ሰው ስም ተሸክመው ነው የሚያድሩ» አሉኝ። ሲቀልዱ ይሁን ከምር ፊታቸው አይናገርም።

እኔ ከሠራዊት ወጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬን የጀመርኩት እሳቸው ዘንድ ነው። ምስክር ወረቀቶቼን በፕላስቲክ አድርጌ ታቅፌ ገባሁ። አላዩአቸውም። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። «እሱስ የማን ነው?» የአያቴን ነገርኳቸው። እንዲህ እያሉ እኔ የማላውቀው ድረስ ወሰዱኝና አንዲት የሩቅ ዝምድና አግኝተው ተደላድለው ተቀመጡ። እኔ በሆዴ፣ ሰውዬው ሥራ ሊሰጡኝ ነው ወይስ ሊድሩኝ እላለሁ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«አየሽ፣ አዲስ ኮምፒዩተርም ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቅ ይኸው ነው። አድራሻው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የየትኛው ቢሮ ልጅ እንደሆነ ይናገራል። የማን እንደሆነ ከታወቀ ቅርቡ ያለው ሰርቨር ይቀበለዋል። ቁጥሩ ካልተመዘገበ ግን አገር እንደማያውቅ እንግዳ ያገኘውን በር ያንኳኳል። ሩቅ ይሁን ቅርብ አይገደውም። ይህን ካወቅሽ ግማሹን አውቀሻል።»

ሌላውን ግማሽ ለማወቅ ዓመታት ፈጀብኝ፤ ግን ያን ቀን የነገሩኝ ልክ ነበር። ሥራ ያስተማሩኝ በአማርኛ ነው። የቤት አማርኛ ብቻ ነበር የማውቀው፤ «ዕብራይስጡ ለስብሰባ ይሁን፣ እኛ ግን ስንሠራ እንግባባ» ይሉኝ ነበር። ዛሬ ይህን መጻፍ ከቻልኩ የእሳቸው ንዝንዝ ፍሬ ነው።

የሐይፋው ድርጅት የተቀላቀለ ጊዜ መላው ዕቅድ እንደገና መሠራት ነበረበት። አቪ የሚባለው ሥራ አስኪያጃችን ቸኳይ ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም፣ ግን ተቀምጦ ሲበላ አይቼው አላውቅም። ካርታ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሳለ ጋሽ አለልኝ በየቅርንጫፉ እየዞሩ መቀመጣቸው አልገባውም። በዕብራይስጥ አንቱታ የለምና «አንተ» ነው የሚላቸው፤ እኔም ስጽፈው እንዳለ ልተወው።

«ቂርያት ቫይዝማን እዚህ አፍንጫችን ሥር ነው» አለ። «ምን ልታይ ትሄዳለህ?»

«ካርታው ርቀቱን ነው የሚያሳየኝ» አሉት ጋሽ አለልኝ። «እኔ የምፈልግ መስመሩን ነው።»

የስብሰባው ቀን አንድ ከረጢት መንደሪንና የስፌት ክር ይዘው ገቡ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሁሉ ወደ ዳር ገፍተው ትልቁን መንደሪን መሐል አስቀመጡና «ረሆቮት» አሉ። ሰርቨር የሚኖርበት ቢሮ ቅጠሉ ያልተቀነጠሰ መንደሪን ነው። ሐይፋ ባለቅጠል ሆኖ ጠረጴዛው ጫፍ ሄደ። ቂርያት ቫይዝማን ቅርብ ብትሆንም ሰው ይበዛባታል፣ መስመሯም ቀጭን ነው፤ እሷም የራሷ ሰርቨር ይገባታል። መዝከረት ባትያም እንዲሁ። ቂርያት ዔቅሮን ግን ሠራተኞቿ ጥቂት ናቸው፣ መስመሯ ጥሩ ነው፣ ሰርቨር የሚቆለፍበት ክፍልም የላትም። ቅጠል የሌላትን ትንሽ መንደሪን ከረሆቮት ጋር አስጠግተው «ይህች የእኛው ቤተሰብ ናት» አሉ። በመንደሪኖቹ መካከል ክር ዘረጉ፤ መስመሩ ደህና ከሆነ ድርብ ክር፣ ደካማ ከሆነ ነጠላ።

አቪ «ለምን ሁሉም ከሁሉም ጋር በቀጥታ አያወራም?» ሲል ጠየቀ።

«መርዶ ወደ ሐይፋ ስንልክ እያንዳንዱ ቤት እንደውላለን እንዴ?» አሉ። «እዚያ አንድ ሰው አለን። ለእሱ እንነግረዋለን፤ እሱ ለከተማው ያዳርሳል። ሁላችን ለሁሉም እንደውል ካልን ስልኩ ይጨናነቃል፣ ገሚሱ ሳይሰማ ይቀራል። ሰርቨሮቹም እንዲያ ያደርጋሉ።»

አቪ በእኛ በኢትዮጵያውያን ቀብር ላይ ሦስት ከተማ በአንድ ጊዜ እንዴት እንደሚሰበሰብ አይቶ ያውቅ ነበርና ወዲያው ገባው። ዕቅዱን ተቀበለ። ስብሰባው እንዳለቀ ቆሞ ስልክ እያነጋገረ ሐይፋን ልጦ በላት።

ከዚያ በኋላ ዕቅዱ መሥራት አለመሥራቱን የሚከታተሉበት መሣሪያ ነበራቸው፤ ከመሣሪያው ይልቅ የሚያምኑት ግን የሰውን አፍ ነበር። መዝከረት ባትያ በየቀኑ ይደውላል። ቂርያት ቫይዝማን ያሉት የተማሩ ናቸውና ረጅም ኢሜይል ይጽፋሉ። ሐይፋ ይጮኻል። ቂርያት ዔቅሮን ብቻ አንድ ቀን እንኳ ደውላ አታውቅም። ጋሽ አለልኝ ይህን በኩራት ያወሩት ነበር። «ቂርያት ዔቅሮን? ሰላም ናቸው» ይላሉ፣ ጥሩ አማች ያገኘ ሰው እንደሚያወራ።

አንድ ሌላ ልማድም ነበራቸው። አንድ ሠራተኛ ሲሰናበት መግቢያው ይዘጋል፤ ስሙን ቢጽፍ ኮምፒዩተሩ አይከፍትለትም። በሌሎች ቦታዎች ሰው ከሥራ መውጣቱን የሚያውቀው ጠዋት ፓስወርዱ እምቢ ሲለው ነው ሲባል ሰምተው እንቅልፍ አጡ። «መርዶ በማሽን አይነገርም» አሉ። ከዚያ ወዲህ የማንንም መግቢያ ዝጋ ሲባሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ነግረኸዋል?» ብለው ነው። ካልተነገረ አይነኩትም። አቪ ብዙ ጊዜ ተናደደ፤ ኋላ ለመደው።

እንግዲህ አንድ ቀን አቪ ክፍላችን በር ላይ ቆሞ «የቂርያት ዔቅሮንን ስኒፍ ልዘጋው ነው» አለ። ስኒፍ የሚሉት ቅርንጫፍን ነው። «የሁለቱን ሴቶች መግቢያ ለወሩ መጨረሻ አዘጋጅልኝ።»

ጋሽ አለልኝ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ምን አድርገው?»

«የቀኑ ድልድል ሁልጊዜ ከእነሱ ዘግይቶ ነው የሚመጣ። ተንከባካቢዎቹ ወደ የትኛው ቤት እንደሚሄዱ ሳያውቁ መንገድ ላይ ይቆማሉ። ሐይፋዎች ሴቶቹ አርፍደው ነው የሚገቡ ይላሉ። ቅርንጫፉን ረሆቮት እናጠቃልለዋለን።»

«ነግረሃቸዋል?»

«ሐሙስ እነግራቸዋለሁ።»

«እንግዲያው እስከ ሐሙስ ምንም አልነካም። ነገ ጠዋት ሄጄ አያቸዋለሁ።»

«ለምን?»

«ይህን ያህል ዓመት ስማቸውን ይዤላቸዋለሁ። ፊታቸውን ሳላይ በር አልዘጋባቸውም።»

ቂርያት ዔቅሮን ያለችው የቅርንጫፍ ኃላፊ የሻረግ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ለጡረታ ትንሽ የቀራት፣ ደርባባ ሴት። አብራት ኦርሊ አለች፤ እዚህ አገር የተወለደች፣ ምላሰ ፈጣን ወጣት እናት። ቅርንጫፉ ቢዘጋ ሁለቱ ሥራ ያጣሉ። ከእነሱ የሚብሰው ደግሞ የሰፈሩ አረጋውያን ነገር ነው፤ ከመንግሥት ቢሮ የመጣላቸውን ሁሉ ይዘው የሚገቡት እዚያ ነው፣ በአማርኛ የሚያስረዳቸው እዚያ ስለሚገኝ። ረሆቮት ድረስ አውቶቡስ ቀይረው መጥተው የማይገባቸውን ቋንቋ ሊሰሙ ነው።

በነጋታው ማልደን ሄድን። የሻረግና ኦርሊ ከእኛ ቀድመው በር እየከፈቱ ነበር። ሐይፋዎች አርፍደው ይገባሉ ያሏቸው! የሻረግ ኮምፒዩተሯን አበራች፣ ስሟንና ፓስወርዷን ጻፈች፣ ከዚያ ብድግ ብላ ሄደች። ሻርፗን አጣጥፋ ሰቀለች። ወንበሮቹን ደረደረች። አንድ ሽማግሌ ሲገቡ አስቀምጣ የጉልበታቸውን ሁኔታ ጠየቀች፣ እሳቸውም ሳያሳጥሩ ነገሯት። ኦርሊ ደግሞ ኪያር እየላጠች ነው። የሁለቱም ኮምፒዩተር ላይ ያች ክብ ምልክት ትሽከረከራለች። ጋሽ አለልኝ ጥግ ተቀምጠው አንዴ ምልክቷን አንዴ ሴቶቹን ያያሉ።

«ምን እየጠበቃችሁ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ማሐሼቡን ነዋ» አለች ኦርሊ፣ በኪያሯ ወደ ኮምፒዩተሩ እያመለከተች። «እስኪነቃ። ቤሰደር፣ ደህና ነው፣ ሁሌም እንዲህ ነው።»

የሻረግ በዓይኗ ገረፈቻት። «ምንም አይደል፣ ጋሽ አለልኝ። ቀስ ብሎ ይከፈታል። እኛም እስከዚያ ሥራ አናጣም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

የሻረግ ወንበር ማስተካከል ጀመረች። የመለሰችው ኦርሊ ናት፦ «ወደዚህ ቤት ከተዛወርን ጀምሮ።»

ቅርንጫፉ ከጥቂት ወራት በፊት ሕንፃ ቀይሮ ነበር። ኮምፒዩተሩ እንደ ምንም ሲከፈት ጋሽ አለልኝ ተቀምጠው አንድ እጅጌያቸውን ጠቀለሉና የትኛው ሰርቨር እንዳስገባው ኮምፒዩተሩን ራሱን ጠየቁት። የሐይፋው ሰርቨር ስም ወጣ። መነጽራቸውን አወለቁ። «አንች» አሉት ኮምፒዩተሩን፣ «እኔ እዚህ ደጃፍሽ ተቀምጬ፣ ሐይፋ ድረስ ሄደሽ ነው የምታንኳኪ?»

ነገሩ ቀላል ነበር። ቤት ሲቀየር መስመሩ ተቀይሮ አዲስ ቁጥር ተሰጠ። አዲሱን ቁጥር ከረሆቮት ሥር ያስመዘገበ የለም። ዕቅዱ ላይ ቂርያት ዔቅሮን ቤተሰባችን ናት፤ በእውን ግን የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ኮምፒዩተሮች ጠዋት ጠዋት ያገኙትን በር ያንኳኳሉ። ሐይፋ ደግሞ በቀጭን መስመር፣ የራሱን ሰዎች ካስተናገደ በኋላ ነው የሚመልስላቸው። ለካ ሐይፋዎች ሴቶቹ አርፍደው ይገባሉ ያሉት ይህን የዘገየ መግቢያ አይተው ነው።

«እታለሜ» አሉ ጋሽ አለልኝ ወደ የሻረግ ዞረው፣ «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?» አለች። «የእርስዎ ሥራ አይደለም እንዴ? ጉድለት አለ ብዬ ብናገር ማን ነው የሚጠየቅ? ያ አለቃዎ መጥቶ በእርስዎ ላይ ነው የሚጮኽ። ከእኛ ሰው እዚያ የተቀመጡ እርስዎ ነዎት። በእኔ አፍ ስምዎ በክፉ ይነሣ? ቆሜ አይሆንም።»

«እኔ ልደውል ነበር፣ ቤኤሜት» አለች ኦርሊ። ቤኤሜት ከምሬ ነው ማለቷ ነው። «እሷ ነች፣ ተይ ያፍራሉ ያለችኝ።»

ጋሽ አለልኝ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡ፣ ተከተልኳቸው። በሩ አጠገብ ቆመው መንገዱን ያያሉ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። እሳቸውን ለማዳን ዝም ያሉት ሴቶች ሐሙስ ምን እንደሚጠብቃቸው አያውቁም፤ እሳቸው ያውቃሉ፣ ደግሞም የመንገሩ ተራ የአቪ እንጂ የእሳቸው አይደለም። እንደዚያ ቀን አሳዝነውኝ አያውቁም። «ዝም ሲሉ ሰላም ናቸው ብዬ እኮራባቸው ነበር» አሉኝ። ከዚያ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረግ አድርገው «ነይ እንግባ፣ ቁጥሩን እናስመዝግብላቸው» አሉ።

ሥራው ራሱ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም። እሳቸው እየነገሩኝ ከላፕቶፔ ወደ ረሆቮት ገብቼ የአዲሱን ቤት ቁጥር ከረሆቮት ሥር መዘገብኩ። ኮምፒዩተሮቹን አጥፍተን አበራን። የሻረግ ስሟንና ፓስወርዷን ጽፋ እንደ ልማዷ ብድግ አለች። ግማሽ እንደተነሣች ገጹ ተከፈተ። ደንግጣ ተመልሳ ተቀመጠች። «ምነው፣ ምን ነካው?» አለች።

ከሰዓት አቪ ፊት ቆምን። ጋሽ አለልኝ አላድበሰበሱም። «ስህተቱ የኔ ነው» አሉት። «ቤት ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየር እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ሴቶቹ ከአንተም ከእኔም ቀድመው ነው የሚገቡ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

ጋሽ አለልኝ ለይሉኝታ የዕብራይስጥ ቃል ፈለጉለት። ወደ እኔ ዞሩ፣ እኔም ፈለግኩ። የለም። «እኔን እንዳያዋርዱ ብለው» አሉ በመጨረሻ።

አቪ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየ። «እዚህ አገር?» አለ። «ኮምፒዩተሩ እምቢ ብሎት ወራት ሙሉ ያላማረረ ሰው፣ እዚህ አገር?» ሳቁ መጣበት። ሳቀና ሳቀና አቆመ። «እሺ። ይህስ ተገኘ። ነገ ሌላ ነገር ሲበላሽስ? አሞኛል የማይል ቅርንጫፍ እንዴት አድርጌ ልምራ? አንድ ወር እሰጣለሁ። ድልድሉ በሰዓቱ ይምጣ፤ ሲበላሽም ኃላፊዋ ራሷ ደውላ ትናገር። አለዚያ እዘጋዋለሁ።»

«ይህን ግን እኔ አልነግራቸውም» አሉ ጋሽ አለልኝ። «አንተ ሄደህ ፊታቸውን እያየህ ንገራቸው።»

ሐሙስ አቪ ሄደ። እኔና ጋሽ አለልኝም አብረን ሄድን፤ አንድ ቃል እንዳያመልጣቸው እኔ አስተረጎምኩ። የሻረግ ሰምታ ስትጨርስ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እሳቸውን እናድን ብለን ቤታችንን ልናፈርስ ነበር?» አለች። ጋሽ አለልኝ መሬት መሬት ያያሉ።

ከዚያ የሆነውን ባስታወስኩ ቁጥር እስቃለሁ። ቁጥሩ ከተመዘገበበት ማግስት አንሥቶ ሥራው ተስተካክሎ ነበር፤ የቂርያት ዔቅሮን ድልድል ከሁሉም ቀድሞ መድረስ ጀመረ። የቀረው የሻረግ አንድ ጊዜ እንድታማርር ብቻ ነው። ኦርሊ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ደውላ ስለ አየር ማቀዝቀዣው ጮኸች። አቪ አልተቀበለም። «እሷ እዚሁ የተወለደች ናት፣ አትቆጠርም። ኃላፊዋ ነው ያልኩ» አለ።

ጋሽ አለልኝ በየጊዜው ይደውላሉ። «እታለሜ፣ ዛሬስ የጎደለ የለም?»

«ኧረ ምንም። ይልቅ እርስዎ ወገብዎ እንዴት ሆነ?»

ቅርንጫፉ ድረስ ሄደው ሊያሠለጥኗት ሞከሩ። «እኔ አለልኝ አይደለሁም እንበል» አሏት፣ «የማታውቂኝ ሰው ነኝ። ንገሪኝ፣ ምኑ ነው የማይሠራ?» የሻረግ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንደምን አደሩ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል መንገድ ለእኛ ብለው መጥተው...» ብላ ጀመረችና ምሳ አቀረበችላቸው። ተመልሰው ሲመጡ «በልቼ መጣሁ» ብቻ አሉኝ።

አንድ ቀን ራሷ ደወለች። ጋሽ አለልኝ በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ። ስለ ጤና ተጠያየቁ፣ ስለ ልጆች ተጠያየቁ፣ እንደገና ስለ ጤና ተጠያየቁ፤ ከዚያ «በሉ ደህና ዋሉ» ብላ ዘጋች። ልትናገር ደውላ አፏ እምቢ እንዳላት ገባን። ወሩ እያለቀ ነው። አቪ በኮሪደሩ ባለፈ ቁጥር አንገቱን ያስገባል። «ደወለች?» ይላል። የተናገረውን የማያጥፍ ሰው መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ጋሽ አለልኝ ምሳ መብላት ተዉ።

የወሩ መጨረሻ ሳምንት ላይ፣ እረፋድ፣ ስልካቸው ጠራ። የሻረግ ናት። ጠረጴዛው ላይ ድምፁን ከፍ አድርገው አስቀመጡት። «እንዴት አደሩ» አለች፤ ድምፅዋ ግን የወትሮው አይደለም።

«ደህና ነኝ፣ እታለሜ። አንችስ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ! ጋሽ አለልኝ፣ ይህ ፕሪንተር አላትምም አለ። አባ ታከለ ለሐኪም የሚይዙትን ወረቀት እየጠበቁ ቆመው ቆመው፣ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። በዚያ ጉልበታቸው! እኔን ብቻ ቢያስቸግረኝ ችዬ ዝም እል ነበር። ሽማግሌ ሰው አቁሞማ አይሆንም!»

ጋሽ አለልኝ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ደግሞም እርስዎ ነዎት ያመጡልን፣ ሌላ ማን ነው!» ቀጠለች የሻረግ። «ከመጣ ጀምሮ ወረቀት ያኝካል። አዲስ ነው አሉን። የምን አዲስ! ወንበሩስ? ተቀምጠው የተነሡ ሰው ሁሉ ወገባቸውን ይዘው ነው የሚሄዱ...»

ስልኩን ሁለት እጃቸው ላይ አድርገው ከክፍሉ ወጡ። እኔ ከኋላ። «ቀጥይ፣ እታለሜ! አታቋርጪ!» እያሉ በኮሪደሩ ይሮጣሉ፤ በእሳቸው ዕድሜ፣ በዚያ ሹራብ። ሰው ሁሉ ከየክፍሉ አንገቱን አወጣ። የአቪን በር በትከሻቸው ከፍተው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። የየሻረግ ምሬት የቅርንጫፉ በር ላይ ደርሷል፤ የበሩ እጀታ ይወልቃል፣ ከወለቀ ቆይቷል፣ ማንስ ሊጠይቃቸው መጥቶ ያውቃል።

አቪ አማርኛ አይሰማም። ሆኖም የሚያማርርን ሰው ድምፅ በየትኛውም ቋንቋ ያውቀዋል። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ ሲቀመጥ ያን ቀን ነው ያየሁት። «ምን እያለች ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሁላችንንም ትሰድባለች» አሉት ጋሽ አለልኝ። እንባቸው ጢማቸው ድረስ ወርዶ ነበር፣ ደስታቸውን መቻል አቅቷቸው።

አቪ እስኪበቃው አዳመጠ። ከዚያ «ንገሯት፣ ቅርንጫፉ አይዘጋም» አለ። ጋሽ አለልኝ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው «እታለሜ፣ የሻረግ፣ ስሚኝ» አሉ። ሦስት ጊዜ ሞከሩ። አልቻሉም፤ የሻረግ ገና ስለ አየር ማቀዝቀዣው መናገር መጀመሯ ነበር።